በሸራ መርከብ ውቅያኖስ ማቋረጥ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሸራ መርከብ ላይ ሠልጣኝ ሆነው ውቅያኖስ ማቋረጥ የሚፈልጉ፣ የመርከቡ ኑሮ እንዴት ነው የሚሉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ቀላሎቹ ከላይ፣ አስቸጋሪዎቹ ከታች።

በነፋስ የሚሄድ መርከብ ዛሬም አለ እንዴ?

አለ። አብዛኞቹ ማሠልጠኛ ናቸው። የኖርዌዩ ስታትስራድ ሌምኩል እ.ኤ.አ. በ1914 የተሠራ፣ 98 ሜትር የሚረዝም፣ ሦስት ምሰሶና 22 ሸራ ያለው ነው። የኔዘርላንድስን ባንዲራ የሚያውለበልበው ዩሮፓ በ1911 ሃምቡርግ ላይ ተሠራ። ወደ እኛ ቀረብ ካሉት የዑማን ባሕር ኃይል ሸባብ ዑማን 2 አለ፣ የ2014 ሥራ ነው። ትሬስ ሆምብሬስ የሚባለው ትንሹ ደግሞ ጭራሽ ሞተር የለውም፤ ቡና፣ ካካዎና ሩም ጭኖ አትላንቲክን በነፋስ ብቻ ይመላለሳል። ሌሎቹ ሞተር አላቸው፤ ወደብ ሲገቡና ነፋስ ሲጠፋ ያስነሱታል።

ጉዞው ስንት ቀን ይፈጃል?

ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን ስለሚደረገው ስለሆነ በእሱ እንመልስ። ርቀቱ ወደ 2,700 የባሕር ማይል ነው፤ አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 5,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መርከቡ በሰዓት 5 ወይም 6 የባሕር ማይል ይሄዳል። ይህ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባጃጅ ይቀድመዋል። ልዩነቱ መርከቡ ሌሊትም አይቆምም፤ በቀን 130 ማይል ያህል ይዞ በሦስት ሳምንት ግድም ይደርሳል። ነፋሱ ከሰነፈ አራት ሳምንት ነው፤ ስንቅም ውሃም የሚሰላው በአራቱ ነው።

የሚነሱት ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ነው። በአትላንቲክ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ ስለሚቆይ ቀድሞ መውጣት አያዋጣም።

ቀኑ እንዴት ይከፋፈላል?

በፈረቃ። ፋብሪካ ፈረቃ የገባ የኮምቦልቻ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። መርከበኛው በሦስት ይከፈልና አንዱ ቡድን አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ያርፋል። በእኛ አቆጣጠር ፈረቃዎቹ ከምሽቱ 2 እስከ 6፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 10፣ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 2፣ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 6፣ ከቀኑ 6 እስከ 10 ናቸው። ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ያለው አራት ሰዓት በብዙ መርከቦች ለሁለት ይቆረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በቀን ስድስት ፈረቃ ብቻ ቢሆን ለሦስት ቡድን እኩል ይካፈልና አንዱ ቡድን ጉዞውን ሙሉ የሌሊቱን 6 ሰዓት ሲነቃ ይከርማል። ሰባት ሲሆን ግን በየቀኑ አንድ አንድ ይገፋል። ሳይቆርጡ ሰዓቱን አጽንተው የሚሄዱም አሉ።

ጊዜ የሚነገረው በደወል ነው። ፈረቃው ከገባ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው አንድ ጊዜ ይደወላል፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሁለት፣ እንዲህ እያለ ስምንት ሲመታ ፈረቃው አለቀ።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። በመርከቡ ሰሌዳ ላይ 04:00 ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። የእጅ ሰዓታቸውን በሐበሻ አቆጣጠር ትተው በፈረቃቸው ያልተገኙ አሉ፤ እነሱን ሲጠብቅ የቆየው የቀድሞው ፈረቃ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ደርሳችሁ እስክትመለሱ ሰዓታችሁን በመርከቡ አድርጉት። በየ15 ዲግሪው ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ካፒቴኑ ዛሬ ሰዓት ይቀየራል ያለበትን ቀን ልብ በሉ።

በአራቱ ሰዓት ምን እሠራለሁ?

መሪ መያዝ፣ ቅኝት፣ ዙር፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ለገመድ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ። መሪ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይያዛል፣ ከዚያ በላይ ዓይንም ትከሻም ይዝላል። ጀማሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል፤ ኮምፓሱን አፍጥጦ እያየ መሪውን አብዝቶ ያዞራል። መርከቡ ከባድ ስለሆነ ለመታዘዝ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። አልሰማኝም ብሎ ሲጨምርበት አልፎ ይሄዳል፣ ለመመለስ ደግሞ በሌላው በኩል ያበዛል። ከኋላ ያለው የውሃ መስመር እንደ እባብ ሲጣመም ካፒቴኑ ከክፍሉ ሳይወጣ ማን መሪ እንደያዘ ያውቃል። መፍትሔው ትንሽ አዙሮ መጠበቅ፣ መርከቡ መዞር ሲጀምር መሪውን ቀድሞ መመለስ ነው። ሌሊት ኮምፓሱን አንዴ አይቶ ከምሰሶው አጠገብ አንድ ኮከብ መያዝ ይቀላል። ኮከቡ ስለሚጓዝ ግን በየሩብ ሰዓቱ ሌላ ይመረጣል።

ለቅኝት የቆመ ሰው ከፊት ሆኖ መብራት ይፈልጋል። የሌላ መርከብ ግራ ጎን ቀይ፣ ቀኝ ጎኑ አረንጓዴ መብራት አለው፤ ቀይና አረንጓዴ አብረው ከታዩ ወደ እናንተ ፊቱን አዙሯል ማለት ነው፣ ወዲያው ይነገራል። ዙር የወጣው ደግሞ በየሰዓቱ ከታች ወርዶ በመርከቡ ሆድ የተጠራቀመውን ውሃ ይለካል፣ የጭስ ሽታ ያሸታል፣ የላላ ነገር ያስራል። በመጨረሻ ቦታው፣ አቅጣጫው፣ ነፋሱና የአየር ግፊቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

የት ነው የምተኛው? እንቅልፍስ ይወስዳል?

ተደራራቢ አልጋ ወይም የተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ላይ ነው። የተንጠለጠለው ከመርከቡ ጋር ስለሚወዛወዝ ለጀርባ ባይመችም ለሆድ ይሻላል። ተደራራቢው ላይ በጎን በኩል የሚወጠር ጨርቅ አለ፤ እሱን ሳይወጥር የተኛ ሰው አንድ ሌሊት ወለል ላይ ይነቃል። ከፍራሹ በአንዱ ጎን ሥር ልብስ ጠቅልሎ መወተፍና በፍራሹና በግድግዳው መካከል ተጨብጦ መተኛት ልምድ ነው።

ፈረቃችሁ ሊገባ 20 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ሰው መጥቶ በስም ይጠራችኋል፤ ዝናብ እንዳለ፣ ምን እንደሚለበስ ይነግራችኋል። ቀና ብላችሁ መልስ ካልሰጣችሁ አይሄድም። መብራት የሚበራው ቀይ ብቻ ነው፤ ነጭ መብራት ያየ ዓይን ጨለማውን መልሶ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። የስልክ መብራትም ያው ነው። በቀን በተገኘው ሰዓት ሁሉ ተኙ። በአራተኛው ቀን የሚነጫነጭ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያልተኛ ነው።

ውሃ እንዴት ነው?

ውሃ በፈረቃ የለመደ የደሴ ሰው እዚህ ላይ ከፈረንጆቹ ይበልጣል። የባሕር ውሃ አጣርቶ ጨው የሚያወጣ ማሽን ያላቸው መርከቦች አሉ፣ ማሽኑም ይበላሻል። ማሽን በሌለበት ለሁሉም ነገር በነፍስ ወከፍ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከደረሰ ጥጋብ ነው። ከእሱ ሦስት ሊትሩ ለመጠጥ ነው፤ በሙቀቱ ከዚያ በታች መጠጣት ራስ ምታት ያመጣል።

ገላ በሦስት ቀን አንዴ ነው። ረጠብ ብሎ መዝጋት፣ መታሸት፣ ከፍቶ መለቅለቅ፣ በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ። በመሃል በባልዲ የባሕር ውሃ መታጠብ ይቻላል፣ ግን ተራው የገላ ሳሙና በጨው ውሃ አረፋ አይሰጥም፤ ሻምፑ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይሠራል። መጨረሻ ላይ አንድ ጆግ ንጹሕ ውሃ ካላፈሰሳችሁበት ጨው ቆዳ ላይ ይቀርና ብብትና ጭን መካከል ይቆስላል። ሰሃን በባሕር ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ይለቀለቃል። የእንጨቱ ወለል ግን ሁልጊዜ በባሕር ውሃ ብቻ ነው የሚታጠበው፤ ጨው እንጨቱ እንዳይበሰብስ ይረዳል፣ እርጥበቱም ሳንቃው ደርቆ እንዳይከፈት ያደርጋል።

ሽንት ቤቱስ?

አለ፣ በፓምፕ ይሠራል። መርከቡ ስለሚያዘነብል ወንድም ሴትም ተቀምጦ ነው። ሆድ ውስጥ ካለፈው ነገርና ከትንሽ ወረቀት በቀር ምንም አይጣልበትም። ሞዴስ፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ ከገባ ቱቦው ይዘጋል፤ ቱቦውን የሚፈታው ደግሞ የዘጋው ሰው ነው።

ሴት ልጅ ትችላለች?

አዎ፣ ፈረቃውም ሥራውም አንድ ነው። ገመድ የሚጎተተው በስድስት በስምንት ሰው ስለሆነ የሚፈለገው እኩል መሳብ እንጂ ጡንቻ አይደለም። ስትመዘገቡ መኝታው ለየብቻ ነው ወይስ ድብልቅ ብላችሁ ጠይቁ፤ መርከቦቹ ይለያያሉ።

ምን ይበላል? እንጀራ ማግኘት ይቻላል?

ዳቦ በየቀኑ ይጋገራል። በመጀመሪያው ሳምንት ትኩስ አትክልት አለ፤ ከዚያ ጎመን፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮት ይቀራሉ። ድንችና ሽንኩርት አንድ ጆንያ አይገቡም፤ ተጎራብተው ከቆዩ ቶሎ ይበቅላሉ፣ ይበሰብሳሉም። እንቁላል ሳይታጠብ ከተገዛና በየሁለት ሦስት ቀኑ ከተገላበጠ ያለ ፍሪጅ ሳምንታት ይቆያል። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ግን እያንዳንዱ በመጀመሪያ ስኒ ላይ ይሰበራል፤ አንድ የተበላሸ እንቁላል ሃያውን ይዞ እንዳይሄድ ነው። ምግብ የሚቀርበው ፈረቃ ሲለወጥ ነው፣ የሚገባው ቀድሞ በልቶ ይወጣል።

እንጀራ መጋገር አይታሰብም። ሊጡ በምጣዱ ላይ ወደ አንድ ጎን ይፈሳል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ የመርከቡ ጀነሬተር አይወደውም። የሚያዋጣው ድርቆሽ ነው። ሲሰብሩት ቀጭ የሚል እስኪሆን ይደርቅ፤ አንዲት ለስላሳ ቁራጭ ከቀረች በባሕር እርጥበት ሻገታ ታስነሳና ከረጢቱን በሙሉ ታበላሻለች። በጥቅምት ኮምቦልቻ ላይ ማድረቅ ይሻላል፤ የደሴ ጭጋግ ቀን ይፈጃል። ከዚያ አየር በማያስገባ ክዳን ባለው ዕቃ በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ ያዙ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። በሶ በተለይ ሌሊት ፈረቃ ላይ ወርቅ ነው፤ እሳት አይፈልግም፣ በአንድ እጅ ይበላል። ቋንጣና ቅቤ ግን ይቅሩ፤ ብዙ አገሮች የእንስሳት ተዋጽኦ ወደብ ላይ ይወርሳሉ።

ለኩሽና ተራ የደረሰው ሰው ድስት ከግማሽ በላይ አይሞላም፣ ነጠላ ጫማ አያደርግም፣ ከድስቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይቆማል። በጉዞ ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች መካከል የፈላ ውሃ ቃጠሎ አንዱ ነው።

ቡና ማፍላትስ?

ተቆልቶ የተፈጨውን ይዛችሁ ሂዱ። ከሰል በመርከብ ውስጥ ክልክል ነው፤ እሳቱ ብቻ ሳይሆን በተዘጋ ክፍል ጭሱ ይገድላል። ቡና መቁላትና ዕጣንም የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኹታል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አርባ ሰው ከአልጋው ያስነሳ ሰው ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም። ጀበናውን ግን ውሰዱት፤ በምድጃው ዙሪያ ያለው የብረት አጥር ይይዘዋል፣ ሲኒው ነው የሚያስቸግረው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ጠመዝማዛ የሀረጎ መንገድ ስወርድ የሚያስመልሰኝ ሰው ነኝ። ባሕሩን እችለዋለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይከብዳሉ። ምክንያቱ ያው የሀረጎው ነው። በውስጥ ጆሮ ያለው የሚዛን አካል እየተንቀሳቀስን ነው ይላል፣ ዓይን ደግሞ የመኪናውን ውስጥ አይቶ ቆመናል ይላል፤ አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድ ይከፍላል። በሀረጎ መንገድ ሾፌሩ እንደማያስመልሰው አስተውላችሁ ይሆናል፤ መታጠፊያው ከመምጣቱ በፊት ያውቀዋል። መርከብም ላይ ለታመመ ሰው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ መሪ ማስያዝ ነው።

ከታች ክፍል አትቆዩ። ወደ መርከቡ መካከል ሂዱ፣ እዚያ መወዛወዙ ያንሳል፤ የሰማይና የውሃውን መገናኛ መስመር ተመልከቱ። ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት በትንሽ በትንሹ ቅመሱ፣ ዝንጅብል ይረዳል። ባዶ ሆድ ከጠገበው ይብሳል። ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ተመልሶ ይወጣል። ብዙዎቹ ያስተኛሉ፤ የግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። የሚያስመልሰው ሰው ነፋሱ በሚሄድበት ጎን፣ የደህንነት ቀበቶውን አስሮ፣ ሰው አጠገቡ እያለ ነው። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ማስመለስ ምን እንደሚያስከትል አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይደግመውም። ሙሉ ቀን ውሃ ሆዱ ውስጥ ካልቆየለት ለፈረቃው መኮንን ይነገር፤ የሚያሰጋው ማስመለሱ ሳይሆን ድርቀቱ ነው።

ምን ልልበስ? ጋቢ ልያዝ?

ጋቢ ለመኝታ ካልሆነ አይሆንም። ጥጥ አንዴ በባሕር ውሃ ከረጠበ በደንብ አይደርቅም፤ ውስጡ የቀረው ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ማታ ማታ መልሶ ያረጥበዋል። ሱፍና ሰው ሠራሽ ክር ያዙ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ከ2,500 ሜትር ከደሴ የወረደ ሰው አየሩ ይበዛለታል እንጂ አያጥረውም፤ የሚያስቸግረው ሙቀቱና ወበቁ ነው። ሌሊት ግን በረጠበ ልብስ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ይበርዳል። ጫማ ወለል የማያዳልጥ፣ ጣት የሚሸፍን ይሁን።

ያን ሁሉ ገመድ እንዴት ነው የማስታውሰው?

በትልቅ መርከብ ላይ ከ150 በላይ ገመድ አለ፣ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ሥርዓቱን ካወቁት ግን ይቀላል፤ የእያንዳንዱ ምሰሶ ገመዶች በአንድ ቅደም ተከተል ይወርዳሉ፣ አንዱን ምሰሶ ያወቀ ሌሎቹን ይገምታል። ቀን ቀን ስሙን እየጠሩ መንካት፣ ሌሊት ዓይን ጨፍኖ መፈለግ ነው ጥናቱ። ፈተናውም በጨለማ ነው።

ገመዱ የሚታሰረው በመርከቡ ጠርዝ በተሰካ ካስማ ላይ ነው። መጀመሪያ ከካስማው ሥር አንድ ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያ ከላይና ከታች እያጠላለፉ ሦስት ጊዜ ያህል የ8 ቁጥር ቅርጽ ይሠራል፤ የቀረው ተጠቅልሎ ይሰቀላል። ሲፈታ ትልቁ ስህተት የሚመጣው እዚህ ነው። ጀማሪው ስምንቶቹን እያነሳ ሄዶ የመጨረሻዋን የሥር ዙርም ያወጣታል። በዚያች ዙር ላይ የሸራው ክብደት ሁሉ አለ። ዙሯ ካለች ገመዱ ካስማውን እያሸ በዝግታ ይለቃል፣ አንድ ሰው ይይዘዋል። ዙሯ ከወጣች ገመዱ በእጅ ውስጥ ሮጦ መዳፍ ይልጣል። ስለዚህ ገመድ በእጅ አይጠቀለልም፣ ወለል ላይ በተኛ የገመድ ቀለበት ውስጥም እግር አይቆምም። ማሰሪያ የማያውቅ ሰው ከመሄዱ በፊት ኮምቦልቻ ላይ የጭነት መኪና ሸራ የሚያስሩትን ረዳቶች ለግማሽ ቀን ቢመለከት ብዙ ይማራል፤ እነሱ ውጥረትን በእጃቸው ያውቁታል።

ምሰሶ ላይ የግድ ልወጣ ነው?

በአብዛኞቹ መርከቦች ግዴታ አይደለም፣ ከታች ሆኖ የሚሠራው ሥራ ይበዛል። የሚወጣ ሰው ከፈረቃው መኮንን ፈቃድ ይቀበላል፣ ኪሱን ባዶ ያደርጋል፣ ቀበቶውን ያስራል። ከ30 ሜትር የወደቀ የኪስ ቢላ ከታች ያለን ሰው ይገድላል፤ መሣሪያ ካስፈለገ በክር ከሰውነት ጋር ይታሰራል።

የሚወጣው ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ነው፤ መርከቡ ወደ ሌላው ስለሚያዘነብል ነፋሱም ሚዛኑም ወደ መሰላሉ ይጫናችኋል። እጅ የሚይዘው ወደ ላይ የቆሙትን ወጣሪ ገመዶች ነው፣ አግድሞቹን እርከኖች አይደለም። እርከን ተበልቶ ሊበጠስ ይችላል፤ እግር ቢያመልጥ እጅ ያተርፋል። ሸራው የተሰቀለበት አግድም ግንድ ላይ ሲደረስ ከሥሩ የተዘረጋች የእግር ገመድ አለች። አንድ ሰው ሲረግጣት ለሌሎቹ ከፍ ትላለች፣ ሲወርድ ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ ረገጥኩ ብሎ ሳይጮህ ማንም አይረግጥም። ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይውረድ፣ ነገም ቀን ነው።

ነፋሱ ከፊት ቢመጣስ? ጨርሶ ቢጠፋስ?

አራት ማዕዘን ሸራ ያለው መርከብ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ወደ 60 ወይም 65 ዲግሪ ነው መቅረብ የሚችለው። ከፊት ከመጣ እንደ ሀረጎ መንገድ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ተጉዞ ጥቂት ይጠጋል። ሲዞር ፍጥነት ካጠረው መሃል ላይ ነፋሱን ፊት ለፊት አግኝቶ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይሸሻል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ነፋሱን በጀርባ እየሰጡ ረጅሙን ዙር መዞር የሚመረጠው።

በእኛ መስመር ግን ጥበቡ ሌላ ነው፤ ቀጥታ ወደ ምዕራብ አይኬድም። የድሮ መርከበኞች ቅቤው እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ ይሉ ነበር፤ ከዚያ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው የማያቋርጥ ነፋስ ከኋላ ይገፋል። በዚህ ቀጠና የሚያሰጋው ሌሊት የሚመጣ ጥቁር ደመና ነው፤ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ በእጥፍ ይጨምራል። ኮከብ ከአድማስ መጥፋት ሲጀምር የላይኞቹ ሸራዎች ይታጠፋሉ። ከመጣ በኋላ ለማጠፍ መሞከር ሸራ ያስቀድዳል፤ ዝናቡ ግን ለገላ ነው። ነፋስ ሲጠፋ ሞተር አለ፣ ነዳጁ ግን መንገዱን በሙሉ አያደርስም።

ጾምና ሶላት እንዴት ይሆናል?

ኅዳር ላይ የሚነሳ ጉዞ ጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ማለት ነው። ለወጥ ቤቱ ከመነሳታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ንገሩ፤ ባሕር ላይ ሱቅ የለም። አትክልት ብቻ የሚበላ ነኝ ብቻ ካላችሁ ወተትና እንቁላል ይመጣላችኋል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም ብላችሁ ዘርዝሩት። ሙስሊሞችም ሐላል ሥጋ ከሌለ ዓሣና ጥራጥሬ እንዲያዝ በዚያው ጊዜ አሳውቁ።

ቂብላ በጉዞው ይቀየራል። ከካናሪ ሲወጣ ወደ መካ ያለው አቅጣጫ ከሰሜን ተነስቶ ወደ 85 ዲግሪ ነው፣ ምሥራቅ ሊባል ይቻላል። ካሪቢያን ሲቃረብ ወደ 67 ዲግሪ ይወርዳል፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያጋደለ ማለት ነው። መርከቡ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ በግምት ፊትን ወደ ኋላ ማዞር ነው፤ ልኩን ከፈለጋችሁ የፈረቃው መኮንን በደቂቃ ያወጣዋል። ውዱእ በባሕር ውሃ ይፈቀዳል። መስገጃ ቦታ ከመሪው ፊት ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ደረቅ ነው፤ ባሕሩ ሲከፋ ተቀምጦ መስገድ ከመውደቅ ያድናል። ስለ ማሳጠርና ማጣመር ሼኻችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ስልክ ይሠራል?

ከወደብ ርቆ ኔትወርክ የለም። የሳተላይት ግንኙነት የመርከቡ ነው፣ ይመጠናል። ለእናት ለአባት ሦስት ሳምንት ድምፄ ይጠፋል ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ባሕር መሃል ብታመምስ?

አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም የለም፤ አንድ መኮንን የመድኃኒት ሣጥኑን ይይዛል፣ በሳተላይት ከየብስ ሐኪም ጋር ይነጋገራል። ሮም ላይ ያለው የባሕር ሕክምና ማዕከል ከ1935 ጀምሮ ለመርከበኞች በነጻ ምክር ይሰጣል። የጥርስ ሕመም ከመሄድ በፊት ይታከም። የሚጥል በሽታ፣ አስም ወይም ስኳር የደበቀ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ሄሊኮፕተር የማይደርስበት ቦታ ነው።

ዋና አልችልም። ብወድቅስ?

ተማሩ፣ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብቻችሁን ግን አትግቡ። በጀርባ መንሳፈፍና 50 ሜትር ሳይደናገጡ መዋኘት ይበቃል። ግን በዋና አትታመኑ። መርከቡ በሰዓት 6 ማይል ሲሄድ በሰከንድ ሦስት ሜትር ነው፤ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር ይርቃል። በሁለት ሜትር ማዕበል ውስጥ የሰው ራስ ከዚያ ርቀት አይታይም። የሸራ መርከብ እንደ መኪና ፍሬን የለውም፤ ሸራዎቹን ገልብጦ ለማቆምና ጀልባ ለማውረድ ደቂቃዎች ያልፋሉ።

ሰው ሲወድቅ ያየው ሰው ይጮኻል፣ በእጁ ይጠቁማል፣ ዓይኑን ከዚያ ሰው ላይ ፈጽሞ አያነሳም፤ ሥራው ያ ብቻ ነው። ሌላው የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ይወረውራል፣ ሦስተኛው ሰው የወደቀበትን ቦታ የሚመዘግበውን የጂፒኤሱን ቁልፍ ይጫናል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ቀበቶ ማሰር ነው። ሌሊትና ነፋስ ሲበረታ ከደረጃው ራስ ሳይወጡ በፊት ነው የሚታሰረው፣ ወለሉ ላይ ከደረሱ በኋላ አይደለም።

ደሞዝ አለው? ሰው በገንዘብ አስገባሃለሁ ብሎኛል።

ሠልጣኝ ደሞዝ አያገኝም፤ ይከፍላል። ደሞዝተኛ መርከበኛ ለመሆን ዓለም አቀፍ የባሕር ደህንነት ሥልጠና፣ የጤና ምርመራና የመርከበኛ መታወቂያ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም አካዳሚ ለሞተር መርከብ ነው የሚያሠለጥነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሄጄ ልመዝገብ ለሚሉም፦ እዚያ የሚስተናገደው ኮንቴይነር ነው፣ መርከበኛ አይቀጠርም።

በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ሰው ወደ የመን በጀልባ ከሚያሻግሩት ደላሎች ጋር ይህ ጉዞ አይገናኝም። ጅቡቲ ድረስ በመኪና ና፣ ከዚያ መርከቡ ይቀበልሃል ካለ፣ ፓስፖርትህን ስጠኝ ካለ ወይም የመርከቡን ስም መናገር ካልፈለገ፣ ያ ሰው መርከብ የለውም። የእውነተኛ መርከብ ስም፣ ባንዲራና የምዝገባ ቁጥር ይነገራል፣ በኢንተርኔት ካለበት ቦታ ጋር ይታያል። ካናሪ የስፔን ግዛት ስለሆነ ለመሳፈር የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፣ ለመውረጃው አገርም ሌላ ቪዛ ሊኖር ይችላል፤ የመርከቡ ቢሮ ለኤምባሲው የሚሆን ደብዳቤ ይጽፋል። ገንዘብ የሚከፈለው ለቢሮው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው፣ ደብዳቤውና ውሉ በእጅ ከገቡ በኋላ።